ድልድይ የፈራችን አህያ መልሶ ማሻገር

ሱሉልታ፣ ከቤታችን በታች ባለችው የእንጨት ድልድይ ላይ የአህያዬ ሰኮና በሁለት ሳንቃዎች መካከል ተሰነቀረና ከነጀሪካኖቿ ወደቀች። ከዚያ ወዲህ ድልድዩን ከሩቅ ስታይ ጆሮዋን ቀስራ ትዞራለች። እኔም አዝኜላት በላይኛው መንገድ እወስዳት ጀመር። ጥፋቴ ይህ ነበር። በዞረች ቁጥር ያዳናት መዞሯ ይመስላታል፤ ሳንቃው መጠገኑን የምታይበት ዕድል አታገኝም።

ጎረቤቴ ሽማግሌ «ዱላ ካላቀመስሻት አትሻገርም፣ ልጄ» አሉኝ። ሥነ ልቦና የተማርኩት ለዚህ ቀን ኖሯል! «አይ አባባ፣ ውሾቹም በዚህ አልዳኑም» አልኳቸው። በ1953 (እ.ኤ.አ.) የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሰሎሞን፣ ካሚንና ዊን በአሜሪካ ውሾችን ምልክት ሲታይ አጥር ዘልለው ከኤሌክትሪክ ንዝረት እንዲያመልጡ አለመዱ። ንዝረቱ ከጠፋ በኋላም ውሾቹ በ200 ሙከራ እንኳን መዝለል አልተዉም። ዘልለው በሚያርፉበት በኩል ንዝረት ሲደረግባቸው ብዙዎቹ ይባስ ፈጥነው ዘለሉ። መንገዳቸው በመስታወት ሲዘጋ ግን አንዳንዶቹ ተዉት።

ስለዚህ መጀመሪያ ድልድዩን ጠግኑ፤ ሳንቃው አሁንም የሚወዛወዝ ከሆነ አህያዋ ልክ ናት። ጭነቷን አውርዱ። መቆም የምትችልበት ድረስ ብቻ አቅርቧት፣ ገመዱን አሳጥራችሁ ያዙና እንዳትዞር ከልክሏት፤ ወደ ፊት ግን አትጎትቷት። ትተነፍሳለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ እናንተ ዝም በሉ። ጆሮዋ ሲላላና አንገቷን ስታወርድ ጥቂት እርምጃ ጨምሩ። ደንብራ ሳለች ወደ ቤት አትመልሷት፤ መደንበር እንደሚያዋጣ ትማራለች። የእኔዋን ስድስት ጠዋት ፈጅቶብኛል፣ ያውም ገብስ በኪሴ ይዤ።

ከተሻገረች በኋላ ቦታና ሁኔታ ቀያይሩባት፦ በጭነት፣ በዝናብ፣ ሌላ ሰው ገመዱን ይዞ፣ በሌላ ድልድይ። በ1979 (እ.ኤ.አ.) ቡተንና ቦልስ አይጦች በአንድ ሳጥን የለመዱትን ፍርሃት በሌላ ሳጥን ካጠፉላቸው በኋላ ወደ ፊተኛው ሲመልሷቸው ፍርሃቱ ተመልሷል። የቀድሞው ትምህርት አይፋቅም፤ አዲሱ ላዩ ላይ ይጨመራል እንጂ። ፍርሃቱ ከዕረፍት በኋላም ይመለሳል፤ ሩሲያዊው ሳይንቲስት ፓቭሎቭ ለምግብ ምልክት ምራቃቸውን በሚያዝረበርቡ ውሾቹ ላይ ይህንኑ አይቷል።

ክረምቱን ግቢ ውስጥ ከርማ መስከረም ላይ ድልድዩ ጫፍ ስትደርስ ቀጥ አለች። ጀሪካኖቹን አውርጄ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። በሁለተኛው ጠዋት ተሻገረች።