የረቂቅ ሥዕል ጀማሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ረቂቅ (አብስትራክት) ሥዕል ሕግ የለውም» ሲባል በሰማሁ ቁጥር ትዕግሥቴ ያልቃል። ቅርጹም ሐሳቡም የእናንተ ነው። ቀለሙ ግን የራሱ ጠባይ አለው፤ ያንን ጠባይ የናቀ ሠዓሊ ሥዕሉን ያጣል።

ከሁሉ የከፋው በዘይት ቀለም ላይ አክሪሊክ የተባለውን በውሃ የሚቀጥን ቀለም መደረብ ነው። አክሪሊክ የሚደርቀው ውሃው ሲተን ስለሆነ ፈጣን ነው። የዘይት ቀለም የሚጠነክረው ግን ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ነው፤ ላዩ ደርቆ ውስጡ ለወራት ሳይደርቅ ሊቆይ ይችላል። አክሪሊክ ደግሞ ቅባት ያለበትን ወለል አጥብቆ አይዝም። አንዲት ጎበዝ ጀማሪ በዚህ መንገድ የሠራችውን ሥዕል ልታሳየኝ አምጥታ ሰማያዊውን በጣቷ ብትነካው ተገፎ መዳፏ ላይ ቀረ። ሥዕሉን የተሸከመው ያ ሰማያዊ ነበር፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ደግሞም ማንም አልነገራትም! በአክሪሊክ ጀምሮ በዘይት መጨረስ ግን ይቻላል። ዘይት በዘይት ላይ ስትደርቡም የታችኛው ቅባቱ ያነሰ፣ የላይኛው የበዛ ይሁን። አለበለዚያ ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ከሥር ያለው ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል።

ጄሶ (ሸራውን ለቀለም የሚያዘጋጅ ነጭ ቅብ) ያልተቀባ ሸራ ላይ የዘይት ቀለም ማፍሰስም ብዙዎችን ያታልላል። አሜሪካዊቷ ሠዓሊ ሄለን ፍራንከንታለር እ.ኤ.አ. በ1952 ተርፐንታይን በተባለ ማቅጠኛ ያቀጠነችውን የዘይት ቀለም እንዲህ አፍስሳ አዲስ መንገድ ከፍታለች። ነገር ግን ዘይት ውሎ አድሮ ጨርቁን ይጎዳል፤ እሷም በኋላ ወደ አክሪሊክ ዞራለች። የቀለሙን መስረግ ከወደዳችሁ እናንተም በአክሪሊክ ሞክሩት።

ስለ ቀለም ምርጫ አንድ ነገር ልበል። አሜሪካዊው የረቂቅ ሥዕል ሠዓሊ ማርክ ሮትኮ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በሠራቸው ግዙፍ ሥዕሎች ሊቶል ሬድ የተባለ ብርሃን የማይችል ቀይ ተጠቅሞ ነበር። በመስኮት የሚገባው ፀሐይ አደበዘዘውና ሥዕሎቹ ከግድግዳው ወረዱ። ጥሩ ቱቦ ላይ ቀለሙ ብርሃንን የሚቋቋምበት ደረጃ ተጽፏል፤ ሳታነቡ አትግዙ።

እርጥብ አክሪሊክን አይታችሁ አትፍረዱ፤ ሲደርቅ ይጠቁራል።

ሥዕሉ እንቢ ሲል ደግሞ ብዙ ጀማሪ ብሩሹን አጥብቆ ይይዝና እርጥቡ ላይ ሌላ እርጥብ ይጨምራል። ቀይና አረንጓዴው፣ ብርቱካናማና ሰማያዊው ተዋሕደው ጭቃ ይሆናሉ፤ ጭቃ ላይ የተጨመረ ቀለም ሁሉ ጭቃ ነው። እባካችሁ፣ እዚያ ላይ እጃችሁን አንሡ! ቀለሙ ያልደረቀ ከሆነ በቢላዋ ግፈፉት፤ አለበለዚያ ሸራውን ወደ ግድግዳ አዙራችሁ ይድረቅ። በማግስቱ ስትመለሱ ያልታሰበ ጠርዝ ወይም ከሥር ብቅ ያለ ቀለም ቀጣዩን እርምጃ ያሳያችሁ ይሆናል። ረቂቅ ሥዕል የሚሠራው በዚህ መመላለስ ነው፤ እናንተ ትጠይቃላችሁ፣ ቀለሙ ይመልሳል፤ ለመመለስ ግን ጊዜ ይፈልጋል።

በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ጨባብጣችሁ ጥግ ላይ አትጣሉ። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ጨርቁ በራሱ ይነዳል። ውሃ ባለበት ክዳናም የብረት ዕቃ ውስጥ ክተቱት።