ባሕር ዳር ስትሮጡ ወፎቹንም እዩ

ሳን ፍራንሲስኮ ያላችሁና ኦሽን ቢች ላይ የምትሮጡ፣ ከመውጣታችሁ በፊት ባሕሩ የሚሸሽበትን ሰዓት ስልካችሁ ላይ እዩ። ውሃው ሲሸሽ እርጥቡ አሸዋ ጠንከር ስለሚል ለእግር ይመቻል፤ ወፎቹም ደህና አድርገው የሚለቅሙት ያኔ ነው።

ማዕበሉ ሲመለስ ተከትለው የሚሮጡ፣ ሲመጣ ደግሞ እግሬ አውጪኝ የሚሉ ነጣ ያሉ ትንንሽ ወፎች አሉ። ሳንደርሊንግ ይባላሉ። ከአርክቲክ ድረስ በርረው መምጣታቸውን ሳስብ የእኔ አምስት ኪሎ ሜትር ያሳፍረኛል።

ባይኖኩላር አያስፈልግም። ስትጠጉ ወደ እርምጃ ቀይሩና ራቅ ብላችሁ ዞራችሁ እለፉ፣ መሃላቸውን ሰንጥቃችሁ አትግቡ። መልቀም አቁመው ቀና ካሉ በጣም ቀርባችኋል ማለት ነው። ቪዲዮ ላይ ያምራል ብሎ መንጋውን ሆን ብሎ የሚያስነሳ ሰው አለ፤ ኧረ ተዉ፣ ለዚያ ሁሉ ጉዞ የሚያጠራቅሙትን ስብ እኮ ነው በከንቱ የምታስጨርሷቸው።

ደረቁ አሸዋ ላይ ደግሞ ስኖዊ ፕሎቨር የምትባል ትንሽ ወፍ አለች። መልኳ ራሱ አሸዋ ነው፤ ሰው ረግጦ ባለፈበት ጎድጓዳ ዱካ ውስጥ ከነፋስ ተከልላ ትቀመጣለች። በፓስፊክ ዳርቻ ያሉት ከ1993 (በፈረንጆች) ጀምሮ በሕግ ይጠበቃሉ። እኔ አንዴ ጠጠር መስላኝ ልረግጣት ምንም አልቀረኝም ነበር። ውሻ ይዛችሁ ከሆነ ማሰሪያውን አትፍቱ።

እና ደግሞ፣ ወፍ እያያችሁ ለባሕሩ ጀርባችሁን አትስጡ። እዚያ ያለው ማዕበል ሳይታሰብ ነው የሚመጣው።