ፋይቶፕላንክተን የጎደላቸው ናይትሮጅን ነው ወይስ ፎስፈረስ? የጠርሙስ ሙከራ አሠራር

ከእርሻና ከከተማ የሚወርድ ፍሳሽ ወደ ባሕር ዳርቻ ሲገባ በውሃው ላይ ተንሳፍፈውና እንደ ዕፅዋት በብርሃን እያደጉ የሚኖሩት ደቃቅ ፋይቶፕላንክተን ይበዛሉ። ምን ያህል እንደሚበዙ የሚወስነው ግን ቀድሞ የሚያልቀው ንጥረ ምግብ ነው። በውሃው ውስጥ ያለውን ናይትሬትና ፎስፌት (ናይትሮጅንና ፎስፈረስ የያዙትን ውሁዶች) ለክቶ መፍረድ አይበቃም፤ ልኬቱ የሚያሳየው ያልተበላውን ትርፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ውሃውን በጠርሙስ ከፋፍሎ፣ ለአንዱ ናይትሮጅን ለሌላው ፎስፈረስ ሰጥቶ፣ የትኛው እንደሚለመልም ማየት ይሻላል።

ሙከራው አምስት ምድብ አለው፦ ማነጻጸሪያ (ምንም ያልተጨመረበት)፣ ናይትሮጅን ብቻ፣ ፎስፈረስ ብቻ፣ ሁለቱም፣ ሁለቱም ከሲሊኬት (ሲሊከን ከያዘ ውሁድ) ጋር። ለእያንዳንዱ ሦስት ጠርሙስ ስለሚያስፈልግ ባለ 1 ሊትር 15 ጠርሙስ አዘጋጁ። ግልጽ ፖሊካርቦኔት ይሁን፤ መስታወት ሲሊኬት ሊለቅ ይችላል። ጠርሙሶቹን በ10 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አሳድራችሁ ማዕድኑ በወጣለት ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቁ። አሲዱን ስታቀጥኑ አሲዱ ወደ ውሃው እንጂ ውሃው ወደ አሲዱ አይጨመርም፤ ጓንትና መነጽርም አድርጉ። በሳሙና ግን አትጠቡ፤ አንዳንዱ ሳሙና ፎስፌት አለበት፣ ያ ደግሞ ሙከራውን ሳይጀመር ያበላሻል።

ውሃውን ጠዋት፣ 1 ሜትር ከሚያህል ጥልቀት፣ 20 ሊትር ቅዱ። በ200 ማይክሮን ወንፊት አሳልፉት፤ ትልልቆቹ ዙፕላንክተን (ፋይቶፕላንክተንን የሚበሉ ተንሳፋፊ እንስሳት) አንዱ ጠርሙስ ውስጥ በዝተው ሌላው ውስጥ ቢያንሱ ውጤቱ ይዘበራረቃል። ጀሪካኑን ከፀሐይ ጠብቁ። ስትሞሉ አንዱን ጠርሙስ ጨርሳችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ፤ ጀሪካኑን እያማሰላችሁ ለሁሉም ሲሶ ሲሶውን በዙር አድርሱ፤ አለበለዚያ ከታች የረጋው ሁሉ የመጨረሻዎቹ ጠርሙሶች ዕጣ ይሆናል። ከዚያው ውሃ የመነሻውን ክሎሮፊል (የፋይቶፕላንክተኑን ብዛት የሚያመለክተውን አረንጓዴ ቀለም) እና ንጥረ ምግብ መለካትም አትርሱ።

መጠኑ የሚነሳው ከሬድፊልድ ምጣኔ ነው፦ ፋይቶፕላንክተን በአማካይ ለ1 አቶም ፎስፈረስ 16 አቶም ናይትሮጅን ይወስዳሉ። ዳያተሞች (የሲሊካ ቅርፊት ያላቸው ፋይቶፕላንክተን) በዚያ ላይ ከናይትሮጅኑ ጋር የሚቀራረብ ሲሊከን ይፈልጋሉ። እያንዳንዱን ጨው ለየብቻ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ አሟሙ፦ ሶዲየም ናይትሬት 1.36 ግራም፣ ፖታሲየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌት 0.136 ግራም፣ ባለ 9 ውሃ ሶዲየም ሜታሲሊኬት 4.55 ግራም። የመጨረሻውን በፕላስቲክ ዕቃ አስቀምጡ። ከእያንዳንዱ 1 ሚሊ ሊትር በ1 ሊትር ናሙና ላይ ሲጨመር በቅደም ተከተል 16፣ 1 እና 16 ማይክሮሞል ይሆናል። ማነጻጸሪያውም ባዶ አይለፍ፤ 1 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይጨመርበት። የባሕሩ ውሃ ራሱ 30 ማይክሮሞል ናይትሬት ካለው ግን 16 መጨመር የሚለውጠው ነገር ብዙ አይደለም።

ጠርሙሶቹን የባሕር ውሃ በሚፈስበት ገንዳ ውስጥ አድርጉ፤ ሙቀቱ ከባሕሩ አይርቅም። በጥላ መረብ ሸፍናችሁ ከብርሃኑ ከ30 እስከ 50 በመቶው ብቻ እንዲደርሳቸው አድርጉ። በቀን ሁለት ጊዜ በቀስታ ገልብጧቸው፣ ቦታም አቀያይሯቸው።

በ24፣ በ48 እና በ72 ሰዓት፣ ሁልጊዜም በተመሳሳይ ሰዓት ናሙና ውሰዱ፤ ክሎሮፊል በቀኑ ውስጥ ከፍ ዝቅ ይላል። 100 ሚሊ ሊትር በ0.7 ማይክሮን የመስታወት ክር ማጣሪያ ደብዘዝ ባለ ብርሃን አሳልፉ። ማጣሪያውን በ90 በመቶ አሴቶን ጨለማና ብርድ ውስጥ 24 ሰዓት አቆዩና በፍሎሮሜትር (ክሎሮፊሉ ሲበራበት መልሶ የሚያወጣውን ብርሃን በሚለካ መሣሪያ) አንብቡ። ማጣሪያው ከተደፈነ ያለፈውን ውሃ መጠን ጻፉ። ከተጣራው ውሃ ለናይትሬትና ለፎስፌት የሚሆነውን አቀዝቅዛችሁ በረዶ አድርጉት፤ ለሲሊኬት የሚሆነው ግን ማቀዝቀዣ ውስጥ ብቻ ይቆይ፣ በረዶ ከሆነ ልኬቱ ዝቅ ሊል ይችላል። በመጨረሻው ቀን 100 ሚሊ ሊትር ላይ 1 ሚሊ ሊትር ሉጎል (ሕዋሳቱን የሚያቆይ የአዮዲን ፈሳሽ) ጨምራችሁ ለማይክሮስኮፕ አስቀምጡ።

ውጤቱን ማንበብ ነው አስቸጋሪው። ናይትሮጅን ብቻ የተሰጠው ሁለቱንም ካገኘው እኩል ከለመለመ የጎደለው ናይትሮጅን ነው። እያንዳንዱ ብቻውን ምንም ሳያመጣ ሁለቱ አብረው ካለመለሙ ሁለቱም ማለቂያቸው ላይ ነበሩ። ሲሊኬት የተጨመረበት በክሎሮፊል ባይበልጥም ማይክሮስኮፑን ሳታዩ አትለፉት፤ ሲሊኬት ያለው ውስጥ ዳያተሞች፣ የሌለው ውስጥ ደግሞ ባለ ጅራፍ ፍላጀሌቶች በርክተው ሊገኙ ይችላሉ።

ማነጻጸሪያው ራሱ ከሌሎቹ እኩል ካደገስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ምናልባት ባሕሩ ደፍርሶ የጎደላቸው ብርሃን ነበር፤ ወይም ወንፊቱ በላተኞቹን አስቀርቶላቸዋል። በአሜሪካ የሳን ፍራንሲስኮ ወሽመጥ ንጥረ ምግብ ሞልቶት ሳለ ድፍርሱና ከሥር ያሉት ውሃ እያጣሩ የሚመገቡ ባለ ሁለት ቅርፊት እንስሳት ፋይቶፕላንክተኑን ለረጅም ጊዜ ዝቅ አድርገው ይዘውት ኖረዋል። ከሦስቱ ማነጻጸሪያዎች አንዱ ብቻ ከዘለለ ግን ብክለት ጠርጥሩ። የወለል ማጽጃ አሞኒያ ወይም የሲጋራ ጭስ ይበቃዋል። ንጥረ ምግቡን ለክታችሁ ካላረጋገጣችሁ በስተቀር ያን ጠርሙስ ከስሌት አታውጡ። ክሎሮፊሉ ወርዶ የሕዋሱ ቁጥር ካልወረደ ደግሞ ሞት አይደለም፤ ብርሃን ሲበዛባቸው በየሕዋሱ ያለውን ክሎሮፊል ይቀንሳሉ።

በ24 ሰዓት ልዩነት ካልታየ አትደምድሙ፤ ከአራት ቀን በላይ ግን አታቆዩ። ጠርሙስ ውስጥ ፈጥነው የሚያድጉት ዝርያዎች ሌሎቹን በብዛት ይበልጧቸዋል፣ ከዚያ በኋላ የምትለኩት ባሕሩን አይደለም። በአንድ ወቅት የተገኘ መልስም ለዓመቱ አይሠራም፦ በአሜሪካ የቼሳፒክ ወሽመጥ ብዙ ክፍል በፀደይ የሚያንሰው ፎስፈረስ ሲሆን በበጋ ናይትሮጅን ነው።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2002 ከቆጵሮስ በስተደቡብ ባለው ክፍት ባሕር ላይ ፎስፌት ተጨምሮ ክሎሮፊሉ ይጨምራል ሲባል ቀነሰ፤ ፎስፌቱን ባክቴሪያዎች ቀድመው ወሰዱት፣ ጥቅሙም ወደ ዙፕላንክተኑ አለፈ። ይህን የመሰለ ጥርጣሬ ካላችሁ በወንፊት ያላለፈ ውሃ የያዙ ሦስት ጠርሙሶች ጨምሩና ናይትሮጅንም ፎስፈረስም ስጧቸው። ከተጣሩት ወደኋላ ከቀሩ እድገቱ እየተበላ ነው።