የመጀመሪያ ታራንቱላ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ታራንቱላ ማሳደግ የጀመሩ ሰዎች የሚገጥማቸው ችግር አብዛኛውን ጊዜ የሚመነጨው ከአመጋገብ ወይም ከእንክብካቤ ጉድለት ሳይሆን፣ ሸረሪቷ ገና ስትመረጥ ከተፈጸመ ስህተት ነው። በዚህ ስም የሚጠራው የሸረሪት ቤተሰብ ከአንድ ሺህ በላይ ዝርያዎችን ያቀፈ ሲሆን፣ ከእነዚህ መካከል ለጀማሪ የሚመቹት ጥቂቶች ናቸው። ጠባይዋ የረጋ ዝርያ የመረጠ ሰው በኋላ የሚሠራቸውን ትናንሽ ስህተቶች ለማረም ጊዜ ያገኛል፤ ቁጡና ፈጣን የሆነችውን የመረጠ ግን በመጀመሪያው ስህተቱ ራሱንም ሸረሪቷንም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት የሚከተሉትን ጉዳዮች ረጋ ብለው እንዲያጤኗቸው አደራ እላለሁ።

በቀለም ተማርኮ መምረጥ

ከሁሉም የተለመደውም የከፋውም ስህተት ይህ ነው። በፎቶግራፍ ላይ ዓይን የሚስቡት ዝርያዎች ብዙውን ጊዜ ለጀማሪ የማይሆኑት ናቸው። በህንድ ደኖች ውስጥ ዛፍ ላይ የምትኖረው ፖይኪሎቴሪያ ሜታሊካ ደማቅ ሰማያዊ ናት፤ በመካከለኛው፣ በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ክፍሎች የምትገኘው ፕቴሪኖኪለስ ሙሪነስ ደግሞ ደማቅ ብርቱካናማ መልክ አላት። ውበታቸው የሚካድ አይደለም፤ ነገር ግን ሳጥን ከፍቶ ውኃ ማስቀመጥን ገና ለሚለማመድ ሰው ሁለቱም አይመከሩም።

ምክንያቱን ለመረዳት ታራንቱላዎች ራሳቸውን የሚከላከሉበትን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። መነሻቸው ከአሜሪካ አህጉራት የሆነ አብዛኞቹ ዝርያዎች ሆዳቸው ላይ የሚያሳክክ ጥቃቅን ፀጉር አላቸው፤ ሲሰጉ በኋላ እግራቸው እያራገፉ ወደ ጠላታቸው ስለሚበትኑት ለመንከስ እምብዛም አይቸኩሉም። የአፍሪካ፣ የእስያና የአውስትራሊያ ዝርያዎች ግን ይህ ፀጉር የላቸውም። ራሳቸውን የሚከላከሉት በፍጥነትና በንክሻ ነው፤ መርዛቸውም በአመዛኙ የበረታ ነው። በተለይ ከፖይኪሎቴሪያ ወገን የሆነች ሸረሪት የነከሰችው ሰው ብርቱ የጡንቻ መኮማተር ሊይዘው፣ ሕመሙም ለቀናት ሊቆይ ይችላል። ያም ሆኖ ጀማሪን ከመርዙ ይልቅ የሚያሸንፈው ፍጥነቱ ነው። ክዳኑ በተከፈተበት ቅጽበት ሸረሪቷ በወረንጦው ላይ ሽቅብ ሮጣ እጁ ላይ ስትደርስ ሰውየው ደንግጦ እጁን ያራግፋል፤ እሷም ወድቃ ትጎዳለች፣ ወይም ከዕቃ ሥር ገብታ ትሰወራለች።

በእኔ ግምት ለመጀመሪያ ጊዜ ከሁሉም የምትመረጠው የመካከለኛው አሜሪካዋ ትሊልቶካትል አልቦፒሎሰስ ናት። መልኳ ቡናማ፣ ፀጉሯ ጥቅልል ያለ፣ ለዓይን ብዙም የማትደምቅ ብትሆንም፣ በደንብ ትበላለች፤ የእንክብካቤ መዛባትንም ትታገሣለች። የሜክሲኮዋ ብራኪፔልማ ሃሞሪ በጥቁር እግሮቿ ላይ ባለው ብርቱካናማ ቀለም ውበት ለሚፈልግ ሰው ጥሩ ምርጫ ናት፤ ፀጉሯን ለመበተን ግን ትንሽ ትቸኩላለች። የደቡብ አሜሪካዋ ግራሞስቶላ ፑልክሪፔስ ትልቅና ዝግተኛ ስትሆን፣ የአሪዞና በረሃ ነዋሪ የሆነችው አፎኖፔልማ ካልኮዴስ ደግሞ ደረቅ አፈርና የውኃ ሳህን ይበቃታል። ጠባይ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ስለሚለያይ፣ ረጋ ያለች የምትባል ዝርያ ውስጥም ቁጡ ልትገጥም እንደምትችል አይዘንጉ።

በገበያ ስም ብቻ መግዛት

«ቀይ ጉልበት» እና የመሳሰሉት የገበያ ስሞች ለተለያዩ ዝርያዎች ይሰጣሉ፤ በመልክ የሚቀራረቡትን ደግሞ ሻጩ ራሱ ሊያምታታቸው ይችላል። ሳይንሳዊ ስሟን ጠይቀው ይመዝግቡ። ሳይንሳዊ ስምም ቢሆን ይለወጣል፤ ለምሳሌ ከላይ የጠቀስኳት ትሊልቶካትል አልቦፒሎሰስ ቀድሞ ብራኪፔልማ በሚለው ወገን ሥር ትመደብ ስለነበር በአሮጌ ስሟ ልትሸጥ ትችላለች። መረጃ ሲፈልጉ ሁለቱንም ስሞች ይመልከቱ።

ስለ ጾታና ዕድሜ አለመጠየቅ

ትልቅ፣ ያደገችና በርካሽ የቀረበች ታራንቱላ ስታዩ መጀመሪያ መጠርጠር ያለብዎት ለአካለ መጠን የደረሰ ወንድ መሆኑን ነው። ከላይ ለጀማሪ የመከርኳቸው ዓይነት ዝርያዎች ሴቶች ከ20 ዓመት በላይ ሊኖሩ ሲችሉ፣ ወንዱ የመጨረሻውን ቆዳውን ከቀየረ በኋላ የሚቀረው ዕድሜ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ወራት እስከ አንድና ሁለት ዓመት ነው። እንዲህ ያለውን ወንድ ለመለየት ከአፉ አጠገብ ያሉትን ሁለት አጫጭር፣ እግር የሚመስሉ አካላት ይመልከቱ፤ ጫፋቸው አብጦ ክብ ከሆነ ለአካለ መጠን የደረሰ ወንድ ነው። በብዙ ዝርያዎች ደግሞ በፊተኞቹ እግሮቹ ውስጠኛ ክፍል ላይ ትናንሽ ሜንጦዎች ይታያሉ። ገና ያላደገችን ሸረሪት ጾታ በአስተማማኝ ሁኔታ የሚለዩት የተጣለውን ቆዳ ውስጠኛ ክፍል በአጉሊ መነጽር በመመርመር ስለሆነ፣ «ሴት ናት» የሚልዎትን ሻጭ ይህን አድርጎ እንደሆነ ይጠይቁት።

በተቃራኒው፣ ዋጋዋ ዝቅ ስላለ ብቻ ገና የተፈለፈለች ጫጩት መግዛትም ለጀማሪ አይመከርም። አንድ ሳንቲሜትር የማትሞላ ጫጩት በሰውነቷ ውስጥ የምትይዘው ውኃ እጅግ አነስተኛ በመሆኑ በቸልተኝነት በጥቂት ቀናት ውስጥ ደርቃ ልትሞት ትችላለች፤ ከዝግተኞቹ ዝርያዎች ከሆነች ደግሞ እስክታድግ ዓመታት ይፈጃል። ከእግር ጫፍ እስከ እግር ጫፍ ከ5 እስከ 8 ሳንቲሜትር የምትደርስ ታዳጊ አደገኛውን ጊዜ ያለፈች፣ ረጅም ዕድሜም የሚጠብቃት በመሆኗ የተሻለች ናት።

ከዱር የተያዘችን መግዛት

ከዱር የመጣች ታራንቱላ ዕድሜዋ አይታወቅም፤ በጉዞ የተነሳ ውኃ ጠምቷት፣ በውስጧም ጥገኛ ትል ወይም የዝንብ እጭ ይዛ ልትመጣ ትችላለች። ከዚህም በላይ የሚያሳስበው የዝርያዎቹ ህልውና ነው። ሴቶቹ ለመራባት የሚደርሱት ከብዙ ዓመታት በኋላ ስለሆነ፣ ከአንድ ቦታ ብዙ ሴቶች ሲወሰዱ የሚተካቸው ትውልድ በቶሎ አይመጣም። በዚህ ምክንያት የብራኪፔልማ ወገን በሙሉ፣ ከ2019 ጀምሮም የፖይኪሎቴሪያ ወገን፣ ለመጥፋት የተጋለጡ ዝርያዎችን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው የሳይቴስ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ተካተዋል። በሰው እጅ የተፈለፈለች መሆኗን የሚያስረዳ ሰነድ ይጠይቁ፤ የሚኖሩበት አገር ሕግ ታራንቱላ ማሳደግን ይፈቅድ እንደሆነም አስቀድመው ያረጋግጡ።

ትልቋን መመኘት

ከእግር ጫፍ እስከ እግር ጫፍ እስከ 30 ሳንቲሜትር የምትደርሰው የሰሜናዊ ደቡብ አሜሪካዋ ቴራፎሳ ብሎንዲ ብዙ ጀማሪዎችን ታስጎመጃለች። ይሁን እንጂ እርጥበቷ ሲጓደል የምትጎዳ፣ ፀጉሯም እጅግ የሚያሳክክ ስለሆነች ለሌላ ጊዜ ትቆይ።

ለመዳሰስ ሲባል መምረጥ

«እጅ ላይ የምትወጣ ትሁንልኝ» ብሎ የሚመርጥ ሰው ከታራንቱላ የማይገኝ ነገር ይፈልጋል። ሸረሪቷ አሳዳጊዋን አትለምድም፤ መነካቷም የሚያስገኝላት አንዳች ጥቅም የለም። ሆዷ በስስ ቆዳ የተሸፈነ ስለሆነ ከትንሽ ከፍታ እንኳ ብትወድቅ ሊቀደድና ደሟ ፈስሶ ልትሞት ትችላለች። ለሰውም ቢሆን አደጋ አለው፤ የሚበተነው ፀጉር ዓይን ውስጥ ከገባ ኮርኒያ በሚባለው የፊት ሽፋን ላይ ተሰክቶ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ብግነት ያስከትላል፤ ይህ ከደረሰ ሳያሹ የዓይን ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባል። ሳጥኑን ካጸዱ በኋላ እጅዎን ሳይታጠቡ ፊትዎን አይንኩ።

ማኖሪያዋን ከአኗኗሯ ጋር አለማገናዘብ

ታራንቱላዎች በመሬት ላይ የሚኖሩ፣ ጉድጓድ ቆፍረው የሚደበቁና በዛፍ ላይ የሚኖሩ ተብለው ይከፈላሉ። ማየት የሚፈልግ ሰው ቆፋሪ ዝርያ ከገዛ ለወራት የሚያየው የአፈር ሳጥን ብቻ ይሆናል። ለመሬት ነዋሪዎቹ ረጅም የመስታወት ሳጥን መግዛት ደግሞ ከላይ የተጠቀሰውን የመውደቅ አደጋ መጋበዝ ነው፤ ከአፈሩ ወለል እስከ ክዳኑ ያለው ርቀት ከእግሮቿ ስፋት አንድ ተኩል እጥፍ መብለጥ የለበትም። በሽቦ ወንፊት የተሠራ ክዳንም ጥፍሮቿን ስለሚይዝ አይመከርም። የዛፍ ነዋሪዎቹ በተቃራኒው ቁመት ያለውና አየር በደንብ የሚዘዋወርበት ሳጥን ያስፈልጋቸዋል፤ አቪኩላሪያ የሚባሉት ወገኖች በእርጥበት በታፈነ ሳጥን ውስጥ በቶሎ ይሞታሉ። የማሞቂያ ምንጣፍ ከሥር ማንጠፍም አያስፈልግም፤ ለአብዛኞቹ የጀማሪ ዝርያዎች ሰው የሚመቸው የክፍል ሙቀት በቂ ነው።

ሳይመረምሩ መውሰድ

ጤነኛ ታራንቱላ እግሮቿን ዘርግታ ትቆማለች፤ ሆዷም ሙሉና ክብ ነው። ሆዷ የተጨማደደ ከሆነ ውኃ ጠምቷታል፤ እግሮቿን ሁሉ ከሥሯ አጥፋ ከተቀመጠች ለሞት የቀረበች ልትሆን ስለምትችል አይውሰዷት። በአፏ አካባቢ ነጭ፣ ዝልግልግ ነገር ከታየም የትል ምልክት ሊሆን ይችላል። በሆዷ ላይ የሚታይ መላጣ ግን ፀጉሯን በመበተኗ የመጣ እንጂ በሽታ አይደለም፤ መላጣው እየጠቆረ ከሄደ ቆዳዋን ልትቀይር ተቃርባለች ማለት ነው።

ቆዳ ለመቀየር የተቃረበችን ሸረሪት እንደታመመች መቁጠር

ይህ ከግዢው በኋላ የሚመጣ ቢሆንም ምርጫውን የሚያበላሽ ነው፤ ብዙዎች «አልበላ አለች» ብለው ይመልሷታል ወይም በማስጨነቅ ይጎዷታል። ቆዳ ከመቀየሯ በፊት ለሳምንታት፣ ያደገች ከሆነች ለወራት ልትጾም ትችላለች። በጀርባዋ ተንጋልላ ካገኟት እየሞተች ሳይሆን ቆዳዋን እየቀየረች ስለሆነ አይንኳት፤ አያገላብጧት። ያልተበላ ፌንጣ ወይም በረሮ ሳጥኑ ውስጥ ካለ፣ ለስላሳ ሰውነቷን ሊነክሳት ስለሚችል ሳያናውጡ በረጅም ወረንጦ ያውጡት። አዲሶቹ የመርዝ ጥርሶቿ መጀመሪያ ነጭ፣ ከዚያ ቀይ፣ በመጨረሻም ጥቁር ይሆናሉ፤ ሙሉ በሙሉ ሳይጠቁሩ ምግብ አይስጧት፤ ላደገች ሸረሪት ሁለት ሳምንት ያህል ይጠብቁ፣ የውኃ ሳህኗን ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይሙሉላት።