ጨርቁን አስረክቦ መሄድ

ጎንደር አራዳ ገበያ አጠገብ ልብስ እሰፋለሁ። ከስፌት መኪናዬ ከሲንጀሬ ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነን። በእግዚአብሔር ታምኖ መዋል ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ እዚሁ፣ ከደንበኞቼ ነው።

ከተራ ሲቃረብ ቤቴ እግር ማሳረፊያ የለውም። ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ሁሉም አዲስ ለብሶ ማጀብ ይፈልጋል። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባል የለ! ብዙው ሰው ተለክቶ፣ ጨርቁን ሰጥቶ፣ «አደራ እትዬ» ብሎ ይሄዳል። አንዲት እናት ግን በቀን ሦስቴ ትመጣ ነበር። «እጅጌው አልጠበበም? እስኪ ልየው» ትላለች። ከእጄ ወስዳ ታገላብጠዋለች፣ ትመልሰዋለች፣ ደግሞ ትወስደዋለች።

የዚያን ሰሞን ማታ ለጸሎት ቆሜ የቤት ኪራዬን ነገር ለስንተኛ ጊዜ ስዘበዝብ ያቺ እናት ትዝ አለችኝ። እኔም እንደ እሷ ነበርኩ። አደራ እሰጣለሁ፣ ሳልቆይ መልሼ እነጥቃለሁ።

እንግዲህ የሚያስጨንቃችሁን ነገር ለእግዚአብሔር አደራ መስጠት ከጠዋት ይጀምራል። ስልክ ከመክፈታችሁ በፊት አማትቡ፣ አባታችን ሆይ በሉ። ጊዜ ካላችሁ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ድገሙ፣ ወይም አንድ ንጉሥ ዳዊት፣ ማለትም ዐሥር መዝሙር። ለሥራ የምትቸኩሉ ከሆነ አንዷም መዝሙር ትበቃለች፤ በጥድፊያ ከሚነበነብ ዐሥር እሷን ቀስ ብሎ ማለት ይሻላል። «የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ» የሚለው ላይ ስትደርሱ ቆም በሉ። ጌታ ያስተማረን የዛሬውን እንድንለምን ነው። እኔ የወሩን በሙሉ በአንድ ጠዋት ካልያዝኩ እያልኩ ስንት ዘመን ተጨንቄያለሁ።

ከዚያ እጃችሁ የሚችለውን ሥሩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አምና ሐምሌ ሥራ ቀዘቀዘ፣ አከራዬም ኪራይ ጨመሩብኝ። ጸለይኩ። ቀኑ ሳይደርስ ሄጄ እውነቱን ነገርኳቸው፤ ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ከሁለት ሳምንት በኋላ ብዬ ለመንኩ። የማልወደውን ሥራም ያዝኩ፤ ዚፕ መቀየር፣ ሱሪ ማሳጠር፣ የተቀደደ ፍራሽ መጥቀም። ከሰማይ የወረደ ብር የለም። ግን በዚያ ወር እንቅልፍ አላጣሁም፤ ከዚያ በፊት በትንሽ ዕዳ ሌሊቱን ሙሉ እገላበጥ ነበር።

በሕመምም እንደዚሁ። ደም ግፊት አለብኝ። ጸበል እጠመቃለሁ፣ ኪኒኔንም በሰዓቱ እውጣለሁ። አምናለሁ ብላችሁ መድኃኒት እንዳታቆሙ፣ አደራ። ሐኪሙንም የሰጠን እግዚአብሔር ነው።

ልባችሁ ሲዝል ቤተ ክርስቲያን ገብታችሁ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። እኔ ደብረ ብርሃን ሥላሴ እሄዳለሁ። ጣሪያው ላይ የተሳሉት መላእክት በትልልቅ ዓይናቸው ወደ ታች ያያሉ። ምንም ሳልናገር እነሱን እያየሁ እቆያለሁ። በ1880 ዓ.ም ከሱዳን የመጡት ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ይህ ደብር ተርፏል፤ ንብ ነው ያባረራቸው ይላሉ አባቶች። ይህን ስሰማ ግን የተቃጠሉትንም አብያተ ክርስቲያናት አስባለሁ። እዚያ ያገለገሉ ካህናት እምነት ጎድሏቸው አይደለም የተቃጠለባቸው። የለመናችሁት ሳይሆን ሲቀር ራሳችሁን እምነተ ቢስ አትበሉ። ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ፣ አልቅሱ፣ በማግስቱ ደግሞ አባታችን ሆይ በሉ። እናቴን ስቀብር ለብዙ ሳምንት ከዚህ በላይ አልቻልኩም ነበር።

ረቡዕና ዓርብን በአቅማችሁ ጹሙ። ለምን እንደሚረዳ ማስረዳት አልችልም፤ የጾምኩ ቀን ግን ትንሹ ነገር አያስደነግጠኝም።

ማታ ደግሞ ማስረከብ ነው። ለሁሉም በጅምላ «አደራ» አትበሉ፤ በስም በስም ጥሩ። ልጄን፣ ፈተና አለበት። ጎረቤቴን፣ ጉልበቷን ታሟታል። የኪራዩን ቀን። አንዱን ከጠራችሁ በኋላ ወደ እሱ አትመለሱ፣ ወደሚቀጥለው እለፉ። ሌሊት ብንን ብላችሁ ሐሳቡ ቢመጣ «ሰጥቻለሁ» በሉት፤ ሃያ ጊዜ ቢመጣም ሃያ ጊዜ በሉት። መጀመሪያ ላይ እኔ ከዚያም በላይ ብያለሁ።

እኔ እንዲህ ካልኩ በኋላ ሲንጀሬን በነጠላ እሸፍናለሁ፣ መብራት አጠፋለሁ። ያልተጨረሰው ቀሚስ እዚያው መርፌው ሥር ያድራል።