ለአጋዘን አደን የጠመንጃ ካሊበር አመራረጥ

ካሊበር (ጠመንጃው የሚተኩሰውን የጥይት መጠንና ዓይነት) ከመምረጥህ በፊት የምትተኩስበትን ርቀት እወቅ። ጥቅጥቅ ባለ ጫካ ብዙው ተኩስ ከ100 ሜትር አያልፍም፤ እዚያ .30-30 ከ150 እስከ 170 ግሬን (ትንሽ የጥይት ክብደት መለኪያ) በሚመዝን ጥይት ይበቃል። ከባድ ጥይት ቁጥቋጦ ሰንጥቆ ያልፋል የሚባለው ግን ስህተት ነው። ቅርንጫፍ የነካ ማንኛውም ጥይት አቅጣጫውን ሊስት ይችላል፤ እንስሳውም ቆስሎ ያመልጣል። ክፍት መስመር ካላገኘህ አትተኩስ።

ጫካም ሜዳም ሸንተረርም ለሚፈራረቅበት ቦታ ምርጫችን .308 ዊንቸስተር ባለ150 ግሬን ነው። ጠመንጃው 200 ሜትር ላይ ያነጣጠርክበትን እንዲመታ ሲስተካከል 100 ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ፣ 300 ላይ 25 ያህል ዝቅ ብሎ ይመታል። የትከሻ ምቱ ከከበደህ 6.5 ክሪድሙር ውሰድ፤ ምቱን ፈርቶ ምላጩን በድንገት የሚስብ ሰው በየትኛውም ካሊበር ይስታል። ተዳፋት ላይ የምታሰላው አግድም ርቀቱን ነው፤ በ30 ዲግሪ 300 ሜትሩ እንደ 260 ይቆጠራል።