ትሪፕ 35 ይዛችሁ ሱሉልታ ስትወጡ

ኦሊምፐስ ትሪፕ 35 በፈረንጅ ከ1967 እስከ 1984 የተመረተ ካሜራ ስለሆነ የምታገኙት ያገለገለ ነው። ባትሪ የለውም፣ ሌንሱን የከበበው ብርሃን መለኪያ፣ ሴሊኒየም የሚባለው፣ ብርሃን ሲያገኝ ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። እሱ ከሞተ ካሜራው የመደርደሪያ ጌጥ ነው፣ ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ሌንሱ ላይ ያለውን ቀለበት ኤ (A፣ ማለትም አውቶማቲክ) ላይ አድርጉና ፊቱን በመዳፋችሁ ሸፍናችሁ ተጫኑ፣ ማያው ውስጥ ቀይ ምላስ ብቅ ብላ አላነሳም ማለት አለበት። ፀሐይ ላይም ቀይ ካሳየ ተዉት በቃ።

ፊልም ስትከቱ መጠቅለያዋን፣ ሲያልቅ ፊልሙን መልሳ የምትጠቀልለዋን ትንሽ እጀታ፣ በቀስታ አዙራችሁ ወጥሩት፣ ከዛ በአውራ ጣት ስታሳልፉ እሷም አብራ መዞር አለባት። እኔ ይሄን ሳላይ የመጀመሪያውን ሮል 36ቴ ቀጭ ቀጭ አድርጌ ሳሳጥበው አንድም ፎቶ የለም፣ ለካ ፊልሙ ንቅንቅ አላለም!

ዋናው ሥራ ርቀት መገመት ነው። ሌንሱ ላይ አራት ስዕል አለ፣ አንድ ሰው 1 ሜትር፣ ሁለት ሰው 1 ሜትር ተኩል፣ ሦስት ሰው 3 ሜትር፣ ተራራው ለሩቅ። እጅ ዘርግታችሁ የምትጨብጡት ሰው አንድ ሜትር ላይ ነው በሉት፣ ሌላውን በእርምጃ ቁጠሩ። ፀሐይ ካለ ትንሽ ብትሳሳቱም ይምራችኋል፣ ሲመሽ ግን ምህረት የለውም።

አዲሱ ገበያን አልፋችሁ እንጦጦን ተሻግራችሁ ስትወርዱ ሜዳው ሰፊ ሰማዩ ነጭ ነው፣ እዛ ላይ ሰው ስታነሱ ካሜራው በሰማዩ ይሸወድና ፊቱን ያጠቁረዋል። መላው ምንድነው፣ ፊልማችሁ 200 ከሆነ ኤኤስኤውን፣ ፊልሙ ለብርሃን ምን ያህል ንቁ እንደሆነ ለካሜራው የሚነግረውን ቁጥር፣ 100 ላይ አዙሩት፣ ብርሃን ጨምሮ ያስገባል፣ ኔጋቲቭ ፊልም ብርሃን ቢበዛበት ይችላል፣ ሲያንሰው ነው የሚያኮርፈው። መመለሱን ግን እንዳትረሱ፣ እኔ ሁሌ ነው የምረሳው።

የመዝጊያው ፍጥነት ሁለት ብቻ ነው፣ የሰከንድ 1/200 እና 1/40። ደመና ሲሆን ወደ 1/40 ስለሚወርድ ክርናችሁን ጎናችሁ ላይ ለጥፉ፣ የሚሮጥ አህያም ያኔ ባታነሱ ይሻላል፣ ጭስ ነው የሚመስለው። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ደግሞ ሸክም ላይ እያሉ አታስቁሙ፣ ነውር ነው፣ አረፍ ሲሉ ሰላም ብላችሁ አስፈቅዱ።

ሲያልቅ ከታች ያለችውን ቁልፍ ተጭናችሁ ጠቅልሉ፣ መጠቅለያዋ ድንገት ቅልል እስክትል ድረስ ክዳኑን እንዳትነኩ።